በፉትቦል ማናጀር ለታችኛው ሊግ ቡድናችሁ የትኛው ታክቲክ ይሻላል?

12ኛው ደቂቃ ላይ ነን። በረኛዬ ኳሷን አጠገቡ ላለው የመሐል ተከላካይ በአጭሩ ሰጠው። ተከላካዩ ኳሷን አቆማት ለማለት ይከብዳል። እግሩን ነክታ ሁለት ሜትር ያህል ሸሸችው። የተጋጣሚው አጥቂ ቀድሞ ደረሰባትና ከበረኛዬ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። አልሳተም። በአንድ ወር ውስጥ እንዲህ ዓይነት ጎል ሲቆጠርብኝ ይሄ ሦስተኛው ነበር።

መጀመሪያ ልጁን ሰደብኩት። ከዚያ ፕሮፋይሉን ከፈትኩ። ፈርስት ተች (ኳስ ማቆም) 6፣ ፓሲንግ (ማቀበል) 6፣ ኮምፖዠር (መረጋጋት) 5። ታዲያ ይህን ልጅ «ከኋላ ኳስ መሥርት» ያለው ማነው? እኔው ነኝ። በቴሌቪዥን የማየውን እግር ኳስ በስድስተኛ እርከን ተጫዋቾች ላስጫውት ብዬ ጉድ ሆንኩ።

የማወራው ስለ ፉትቦል ማናጀር ነው፤ አሰልጣኝ ሆናችሁ ክለብ የምትመሩበት የኮምፒውተር ጌም። ይህን ጌም በትልልቅ ክለቦች ብቻ ለተጫወተ ሰው ታችኛው ሊግ ሌላ ጌም ነው የሚመስለው። ቁጥሮቹ እዚህም ከ1 እስከ 20 ናቸው። ግን እዚህ ቤት 12 ያለው ልጅ ኮከብ ነው። ከቴክኒክ ጋር የተያያዘው አብዛኛው ቁጥር ነጠላ አሃዝ ነው። ብዙዎቹ ተጫዋቾች የትርፍ ጊዜ ናቸው፤ ልምምድ የሚሠሩት በሳምንት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ ታክቲክ ለመልመድ ይዘገያሉ። 70ኛው ደቂቃ ላይም ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

ብዙ ሴቭ፣ ማለትም ጀምሬ የያዝኩትን ጨዋታ፣ ካበላሸሁ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ። እዚህ እርከን ላይ ስህተትን የሚያስቀር ታክቲክ የለም። ታክቲኩ የሚወስነው ስህተቱ ሜዳው ላይ የት እንደሚሠራ ነው። በራሳችሁ አሥራ ስድስት ከሃምሳ ውስጥ ነው ወይስ በተጋጣሚው? ከታች አማራጮቹን የማወዳድረው በዚህ ሚዛን ነው።

ከምርጫው በፊት

ቡድኑን በተረከባችሁ ቀን ታክቲክ አትንኩ። አሥር ደቂቃ ወስዳችሁ ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ እዩ። ስታዩ ደግሞ ጌሙ ለየተጫዋቹ የሚሰጠውን የኮከብ ደረጃ ሳይሆን ቁጥሮቹን። አራት ኮከብ የተሰጠው ልጅ አራት ኮከብ የሆነው ከራሳችሁ ቡድን ጋር ተነጻጽሮ ነው። ደካማ ቡድን ውስጥ ደህና ስለሆነ ብቻ ሊጉን ይችለዋል ማለት አይደለም።

እኔ የመሐል ተከላካዮቹን ፍጥነት ነው መጀመሪያ የማየው። ፔስና አክስለሬሽን 7 እና 8 ከሆኑ የተከላካይ መስመሩን ወደፊት መግፋት የለም፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ቀጥሎ አጥቂዎቹን አያለሁ። ዘሎ የሚደርስበትን ከፍታ የሚነግረን ጃምፒንግ ሪች 14 የሆነ ልጅ አለኝ? ወይስ አጭር ግን የሚበር? ሁለቱም ካሉኝ ያ ቀን የደስታ ቀን ነው። በመጨረሻ የአማካዮቹን ስታሚናና ወርክ ሬት (ትንፋሽና ትጋት) እመለከታለሁ። እዚህ ሦስት ቦታ ላይ ያየሁት ነገር ከአማራጮቹ ግማሹን ያስወጣልኛል።

ቴክኒክ፣ ቪዥን፣ ፍሌር የሚሉትን ለጊዜው እርሷቸው። ሁሉም ቡድን ጋር ደካማ ስለሆኑ ልዩነት አይፈጥሩም። ልዩነት የሚፈጥሩት ሩጫ፣ ዝላይና ትጋት ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በታችኛው ሊግም በርካሽ ይገኛሉ።

ረጅም ኳስና 4-4-2

ስሙ ሲነሳ ፊታቸውን የሚያጨማድዱ አሉ። እኔም አንዱ ነበርኩ። ግን እስቲ ወደ እውነተኛው ሜዳ እንሂድ። ዊምብልደን በ1977 ነው ወደ እንግሊዝ ፉትቦል ሊግ የገባው። በ1986 ከፍተኛው ዲቪዚዮን ደረሰ። በ1988 ደግሞ በኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ሊቨርፑልን 1 ለ 0 አሸነፈ። ዴኒስ ዋይዝ ከቅጣት ምት አሻማ፣ ሎውሪ ሳንቼዝ በግንባሩ ገጨ፣ አለቀ። ጨዋታቸው ለዓይን አይማርክም ነበር። ኳሷን በረጅሙ ወደ ጆን ፋሻኑ ይልካሉ፣ ከዚያ ሁሉም ተረባርቦ የወደቀችውን ይለቅማል።

ጌሙ ውስጥም የሚሠራበት ምክንያት ያው ነው። በረኛው ኳሷን ወደፊት ሲመታት ፈርስት ተች 6 ያለው ተከላካይ ከጨዋታው ይወጣል። ኳሷ ብትጠፋም የምትጠፋው ከጎላችሁ በጣም ርቃ ነው። ተጋጣሚው ከዚያ ተነስቶ ጎል ለማግባት ስድስት ሰባት ቅብብል ያስፈልገዋል። የእሱም ልጆች ፓሲንግ 6 መሆናቸውን አትርሱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ረጅም ኳስ ማለት ረጅሙ አጥቂ ኳስ ይቆጣጠራል ማለት አይመስለውም? አይደለም። ሥራው መግጨት ብቻ ነው። ዋናው ነገር ሁለተኛዋ ኳስ ናት፤ ተገጭታ የምትወድቀው። ስለዚህ ከታርጌት ፎርዋርዱ፣ ከዚያ ከሚገጨው አጥቂ፣ አጠገብ ፈጣን አጥቂ መኖር አለበት፤ ጌሙ ፖቸር ወይም አድቫንስድ ፎርዋርድ የሚለው። ከኋላቸው ደግሞ አንቲሲፔሽኑና አግሬሽኑ (ቀድሞ መገመቱና መጋፋቱ) ደህና የሆነ አማካይ። ታርጌት ፎርዋርዱን ብቻውን ፊት ላይ አስቀምጣችሁ ረጅም ኳስ ከላካችሁ፣ እየገጨ ለተጋጣሚ ያቀብላል። እኔ ግማሽ የውድድር ዘመን እንደዚያ ተጫውቼ ልጁን ቀሽም ነው ብዬ ልሸጠው ነበር። አጠገቡ ሰው ስጨምርለት ጎል የሚሆኑ ኳሶች ከየቦታው ይመጡ ጀመር።

ጌሙ ያዘጋጀውን ሩት ዋን የሚባል አማራጭ እንዳለ ውሰዱት አልልም። ሁሉንም ነገር ጫፍ ያደርሰዋል፤ ኳሷ ለሦስት ሰከንድ እንኳን እናንተ ጋር አትቆይም፣ ቡድኑም ሲከላከል ውሎ ይደክማል። እሱን መነሻ አድርጋችሁ የቅብብሉን ርዝመት አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉት። ሜንታሊቲው (ቡድኑ ምን ያህል ያጥቃ ወይም ይከላከል የሚለው) ባላንስድ ይሁን። በረኛው ወደ ታርጌት ፎርዋርዱ እንዲልክ ንገሩት። «ከኋላ መሥርት» የሚለውን አጥፉ። ይሄው ነው።

ድክመቱ መሐል ሜዳ ላይ ነው። ሁለት አማካይ አላችሁ፤ ሦስት አማካይ ያሰለፈ ቡድን ሲገጥማችሁ ኳሷ ተገጭታ የምትወድቀው እግራቸው ሥር ይሆናል። የእኔ መፍትሔ ከአጥቂዎቹ አንዱን ወደኋላ ስቤ 4-4-1-1 ማድረግ ነው። አሰላለፉ ብዙ ስላልተለወጠ ልጆቹም አይደናገጡም።

ለዚህ ታክቲክ ተጫዋች መፈለግ ቀላል ነው። ክለብ የሌላቸው ተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ ግቡና በጃምፒንግ ሪች ደርድሩ። ዕድሜው 33 የሆነ፣ ፔሱ 6 የቀረ፣ ግን አየር ላይ ማንም የማያሸንፈው አጥቂ ታገኛላችሁ። ማንም አይፈልገውም። ለእናንተ ወርቅ ነው።

መልሶ ማጥቃት

ሌስተር ሲቲ በ2015/16 በ81 ነጥብ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው በዚህ መንገድ ነው። ክላውዲዮ ራኒየሪ 4-4-2 አሰልፎ ኳሷን ለተጋጣሚው ለቀቀለት። ካንቴ ይነጥቃል፣ ማህሬዝ ወይም ድሪንክወተር ይልካል፣ ቫርዲ ይሮጣል። ቫርዲ በሊጉ 24 ጎል አገባ። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ እኮ ይሄ ሰው በአምስተኛው እርከን ለፍሊትውድ ታውን ነበር የሚጫወተው። የታችኛው ሊግ ሴቭ የጀመረ ሰው ሁሉ ቀጣዩን ቫርዲ ሲፈልግ የሚያድረው ለዚህ ነው።

እዚህ ታክቲክ ላይ ስህተት የሚሠራው ተጋጣሚው ነው፤ የሚሠራውም መሐል ሜዳ አካባቢ፣ ተከላካዮቹ ወደፊት በወጡ ጊዜ። ከኋላቸው ባዶ ሜዳ አለ። እናንተ የምትፈልጉት ያንን ባዶ ሜዳ የሚበላ ሰው ነው። በታችኛው ሊግ የመሐል ተከላካዮች በአብዛኛው ቀርፋፋ ናቸው፤ ስለዚህ ፔስና አክስለሬሽኑ 14 የሆነ አጥቂ ስታገኙ ፊኒሺንጉ (ጎል የማግባት ችሎታው) 7 ቢሆንም ውሰዱት። ይስታል፤ ያናድዳል። ግን በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ከበረኛ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝ አጥቂ ሦስቱን ቢስት አንዱን ያገባል።

ጌሙ ላይ ሁለት ዓይነት አለ፤ ፍሉዊድ ካውንተር አታክና ዳይሬክት ካውንተር አታክ። የመጀመሪያው በአጭር ቅብብል እየተጋገዙ መውጣትን ይፈልጋል። ሁለተኛው ነጥቆ ወዲያው መላክን። በዚህ እርከን ያለ ጥርጥር ሁለተኛውን እመርጣለሁ። መስመሩን ከመደበኛው ትንሽ ዝቅ፣ ጫና የሚጀመርበትን ቦታ መሐል ሜዳ አድርጉ። አጥቂዎቹም እንዲከላከሉ አታስገድዱ፤ ኳሷ ስትነጠቅ የት ሆነው ነው የሚሮጡት?

ከረጅም ኳሱ ጋር ሳወዳድረው መልሶ ማጥቃት ከሜዳ ውጪ ይበልጣል፤ በሜዳ ግን ያንሳል። ትልቁ ችግሩም እዚህ ጋ ነው። ይህ ታክቲክ ተጋጣሚው እንዲያጠቃችሁ ይፈልጋል። አሥር ጨዋታ አሸንፋችሁ ደረጃ ሰንጠረዡ አናት ላይ ስትወጡ ኮምፒውተሩ ስለእናንተ ያለው ግምት ይለወጣል። ተጋጣሚዎች ወደኋላ ያፈገፍጋሉ። ባዶ ሜዳ የለም፣ ኳሷም እናንተ ጋር ናት፣ ምን እንደምታደርጓት ግን የሚያውቅ የለም። ታኅሣሥ ላይ አንደኛ የነበረ ቡድኔ የካቲት ላይ አራት ጊዜ ያለ ጎል ተለያይቶ ስድስተኛ ሆኗል። ታክቲኩ አልተበላሸም። ሌሎቹ ናቸው የነቁብን።

ጌገንፕረስ

በዚህ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ተጨቃጭቀን አናውቅም ማለት አልችልም። ከኢንተርኔት የሚወርዱት ታክቲኮች አብዛኞቹ ይኸው ናቸው፤ ከፍ ያለ መስመር፣ ፈጣን ቅብብል፣ ኳስ እንደጠፋ ወዲያው ጫና። እውነቱን ለመናገር በታችኛው ሊግም ይሠራል። በእኔ ሚዛን እንዲያውም ከሁሉም የላቀ መሆን ነበረበት። የተጋጣሚው ተከላካይም ፈርስት ተቹ 6 ነው፤ እሱ ላይ ሁለት ሰው ከላካችሁበት ስህተቱ የሚሠራው በራሱ አሥራ ስድስት ከሃምሳ ጫፍ ላይ ነው። 12ኛው ደቂቃ ላይ በእኔ ላይ የደረሰው ማለት ነው፤ አሁን በተራችሁ እናንተ አድራጊ ናችሁ።

ታዲያ ለምን አንደኛ አላደረግኩትም? በጉልበት ምክንያት። የእንግሊዝ ስድስተኛ እርከን በእያንዳንዱ ምድብ 24 ቡድን፣ 46 ጨዋታ ነው፤ የዋንጫ ጨዋታዎች ሳይቆጠሩ። ቅዳሜ ተጫውታችሁ ማክሰኞ ማታ ትደግማላችሁ። የትርፍ ጊዜ ተጫዋች፣ ስታሚና 9፣ 16 ሰው ብቻ ያለበት ቡድን። መስከረም ላይ ያምራል። ኅዳር ላይ የጨዋታ ቀን ስክሪኑን ስትከፍቱ የጉልበት ምልክቱ፣ ያቺ ልብ፣ ግማሹ ቡድን ላይ ብርቱካናማ ሆና ትጠብቃችኋለች። ጥር ላይ ጉዳቱ ይጀምራል።

ሁለተኛው ችግር ከጀርባ ነው። ጫናው አንድ ጊዜ ከተሰበረ፣ ማለትም አንድ አማካይ ዘግይቶ ከደረሰ፣ ከፍ ብሎ የቆመውን መስመራችሁን የሚያድነው ፍጥነት ብቻ ነው። ፔስ 7 የሆኑ ተከላካዮች አሰልፎ መስመር ወደፊት መግፋት በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። በረኛውም ወጥቶ የማጽዳት ችሎታ የለውም። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ተመልከቱ፤ የመሐል ተከላካዮቹ ፔስ ቢያንስ 11፣ የአማካዮቹ ስታሚና ቢያንስ 12። ሁለቱም ካሉ ግቡበት። ከሁለት አንዱ ከጎደለ ይቅርባችሁ።

መሐለኛ መንገድም አለ፤ እኔ አሁን የምጠቀመው እሱን ነው። ሙሉ ቡድኑ ጫና አይፈጥርም። ተጋጣሚውን አስገምግሜ ከኋላ ካሉት ውስጥ ኮምፖዠሩ ዝቅተኛ የሆነውን ተከላካይ እለያለሁ። ከዚያ በኦፖዚሽን ኢንስትራክሽን (በተጋጣሚው ተጫዋቾች ላይ በሚሰጥ ትእዛዝ) እሱ ኳስ በያዘ ቁጥር እንዲጨነቅና ወደ ደካማ እግሩ እንዲገፋ አዛለሁ። ሌሎቹን እተዋቸዋለሁ። አንድ ምስኪን መርጦ 90 ደቂቃ ማሳደድ ነው፤ ጭካኔ ይመስላል፣ ግን ጉልበት ይቆጥባል። በ4-4-2 ሁለት አጥቂ ስላለ ደግሞ ከአማካይ ሰው መላክ እንኳን አያስፈልግም።

ኳስ ይዞ መጫወት

ቲኪ-ታካም በሉት ኮንትሮል ፖዘሽን፣ ለመጀመሪያው የውድድር ዘመን አይሆንም። ስህተቱን በሙሉ ወደ ራሳችሁ ሜዳ ያመጣዋል። ክረምት ገብቶ ሜዳው ሲጨቀይ ደግሞ ይብሳል። የምፈቅደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እየመራችሁ፣ 80ኛው ደቂቃ ላይ፣ ቴምፖውን ዝቅ አድርጋችሁ ኳሷን በተጋጣሚ ሜዳ ለማንሸራሸር። ከሊጉ ጥራት በላይ የሆኑ ሁለት ሦስት አማካዮች በውሰት ካገኛችሁ ልትፈተኑ ትችላላችሁ። አትፈተኑ፤ አብዛኞቹ የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ወደ ክለባቸው ይመለሳሉ፣ ታክቲኩን የለመደው ሰውም አብሯቸው ይሄዳል።

አምስት ተከላካይ

አውቶቡስ ማቆም የሚባለው ነገር፣ ማለትም ሁሉም ወደኋላ ተሰብስቦ መከላከል፣ እንደ ስሙ አይደለም። ግሪክ በ2004 የአውሮፓ ዋንጫ ከሩብ ፍጻሜ እስከ ፍጻሜ ፈረንሳይን፣ ቼክንና ፖርቱጋልን እያንዳንዳቸውን 1 ለ 0 ነው ያሸነፈችው። ሦስቱም ጎሎች በግንባር የገቡ ናቸው፤ በግማሽና በፍጻሜው የተቆጠሩት ደግሞ ከማዕዘን ምት። አሰልጣኙ ኦቶ ሬሃግል ተከላካይ ብቻ አልደረደረም፤ ጎሉ ከየት እንደሚመጣም ያውቅ ነበር።

ጌሙ ላይ ግን ብዙው ሰው የሚያደርገው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። አሥር ሰው አሥራ ስድስት ከሃምሳ ውስጥ ያጭቅና ሜንታሊቲውን ቬሪ ዲፌንሲቭ ያደርጋል። ውጤቱ በእኔ ሚዛን መጥፎ ነው። ኮንሰንትሬሽኑ (ትኩረቱ) 7 የሆነ ተከላካይ ጎሉ አፍ ላይ ቆሞ 40 ጊዜ ኳስ እንዲያወጣ ትጠይቁታላችሁ። 39ኙን ያወጣል።

አምስት ተከላካይን የምመርጠው በሌላ ምክንያት ነው፤ ክንፍ ላይ የሚጫወት ሰው ሳጣ። ታችኛው ሊግ ላይ ደህና የመስመር አጥቂ ብርቅ ነው፤ ጎበዝ ከሆነ ትልቆቹ ቀድመው ወስደውታል። ጠንካራ የመሐል ተከላካይ ግን እንደ አሸዋ ነው። 5-3-2 አሰልፋችሁ፣ መስመሩን መካከለኛ ከፍታ ላይ አስቀምጣችሁ፣ ሁለቱን አጥቂዎች ከላይ እንዳሉት ካደረጋችሁ የረጅም ኳሱ የአጎት ልጅ ይሆናል። መሐል ሜዳ ላይም ሦስት ስለምትሆኑ የ4-4-2ቱን በሽታ ያድናል። የሚሞተው ሁለት ፈጣን ክንፍ ያለው ቡድን ሲገጥመው ነው። ያኔ አማካይ ወደ ዳር መጎተት ይጀምራል፣ ሁሉም ነገር ይላላል።

የቆሙ ኳሶች

ዊምብልደን ከቅጣት ምት፣ ግሪክ ከኮርና። ስቶክ ሲቲ በ2008 ወደ ፕሪሚየር ሊግ ካደገ በኋላ ደግሞ የሮሪ ዴላፕ የእጅ ውርወራ ትልልቆቹን ያስጨንቅ ነበር። የትኛውንም ታክቲክ ብትመርጡ ይሄን አትዝለሉ። ጌሙን የሚጫወተው አብዛኛው ሰው ጌሙ ያዘጋጀውን እንዳለ ትቶ ያልፋል፤ ለእኔ ግን አንድ ሰዓት ላጠፋ የምችል ከሆነ የማጠፋው እዚህ ላይ ነው።

አንዱን ላሳያችሁ። የመጀመሪያው ተከላካይ ትዝ ይላችኋል፤ ፈርስት ተች 6። የልጁ ጃምፒንግ ሪች ግን 15፣ ሄዲንጉ 12 ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አላየሁትም፤ እግሩን ስወቅስ ግንባሩን ረሳሁት። ኮርና ስናገኝ ወደ ቅርቡ ቋሚ እንዲሮጥ አደረግኩ። አንድ ሰው በረኛው ፊት ቆሞ መንገድ ይዘጋል። ሁለት ሰው ወደ ሩቁ ቋሚ ሮጦ ጠባቂዎቹን ይዞ ይሄዳል። የሚያሻማው ልጅ ኮርነርስ የሚለው ቁጥሩ 11 ነው፤ ለዚህ ሊግ በቂ። በተከታዮቹ አሥር ጨዋታዎች አራት አገባ። አንድም ጊዜ በእግሩ ኳስ መቆጣጠር አላስፈለገውም።

የእጅ ውርወራም እንዲሁ ነው። ሎንግ ስሮውስ 14 ያለው ቀኝ ተመላላሽ በነጻ ካገኛችሁ፣ ሌላ ነገር ባይችል እንኳን ወንበር ላይ አስቀምጡት። 1 ለ 0 እየተመራችሁ 75ኛው ደቂቃ ላይ ይገባል።

ምን መቼ ይለወጥ?

ጌሙ ሦስት ታክቲክ እንድታዘጋጁ ይፈቅዳል። ሦስት የተለያየ አሰላለፍ አትሙሉበት። ልምምዳቸው ጥቂት ስለሆነ ሦስቱንም በግማሽ ያውቃሉ። እኔ አንድ አሰላለፍ በሦስት ባሕርይ ነው የማስቀምጠው፤ በሜዳ ረጅም ኳስ፣ ከሜዳ ውጪ መልሶ ማጥቃት፣ ሦስተኛው መምራት ስንጀምር። 4-4-2 ለዚህ ይመቻል፤ ሁለቱንም ይሸከማል። የትኛውን ልያዝ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው፣ ቡድኑን ሳላየው፣ መልሴ ይሄ ነው።

ሽንፈት ሲደጋገም ታክቲኩን ወርውሮ አዲስ ማውረድ ያጓጓል። ከዚያ በፊት የገቡባችሁን አምስት ጎሎች መልሳችሁ ተመልከቱ። ኳስ ከተከላካዮቻችሁ ጀርባ ተጥሎ በፍጥነት ከተቀደማችሁ መስመሩን ዝቅ አድርጉ። ከዳር ተሻምቶ ከገባ ችግሩ የመስመር ተከላካዩ ብቻውን መቅረቱ ነው፤ ክንፉ ላይ ያለውን ልጅ ወደኋላ መልሱት። በራሳችሁ ልጅ የተሳሳተ ቅብብል ከገባ ግን ያዘዛችሁትን ነገር ፈትሹ።

መምራት ስትጀምሩ ደግሞ ሜንታሊቲውን ወደ ታች አትጣሉት። እኔ ሰዓት ማባከኑን ከፍ አደርጋለሁ፣ ከመስመር ተከላካዮቹ የሚያጠቃውን እይዘዋለሁ፣ የደከመውን አማካይ እቀይራለሁ። ሌላውን አልነካም።

ስለ እትሞቹ አንድ ነገር ልበል። የ2025ቱ እትም ተሰርዞ በኅዳር 2025 የወጣው ፉትቦል ማናጀር 26 ኳስ ስትይዙና ስታጡ ሁለት የተለያየ አሰላለፍ እንድታወጡ ያደርጋል። ለታችኛው ሊግ ይሄ ስጦታ ነው። ኳስ ስናጣ 4-4-2፣ ስንይዝ አንዱ ክንፍ ወደፊት ወጥቶ ሦስተኛ አጥቂ ይሆናል። ግን አትራቀቁበት። አንድን ልጅ ከአንድ ጥግ ወደ ሌላ ጥግ የሚያስሮጥ ነገር ከፈጠራችሁ ያ ልጅ በ60ኛው ደቂቃ ያልቃል። የድሮውን እትም የምትጫወቱ ምንም አልቀረባችሁም፤ የሚናዎቹ ምርጫ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ሌላም ትንሽ ብልሃት አለች። የውድድር ዘመኑ ከመጀመሩ በፊት የሜዳችሁን ስፋት መቀየር ይቻላል። ረጅም ኳስ የምትጫወቱ ከሆነ አጥብቡት፤ ኳሷ የምትወድቅበት ቦታ ይቀራረባል፣ ለተጋጣሚው ክንፍም ቦታ አይኖርም። በዓመት 23 ጨዋታ የምታደርጉት እዚያው ላይ ነው።

ያ ተከላካይ ከእኔ ጋር ወደ አምስተኛው እርከን አድጓል። አሁን አምበል ነው። ፈርስት ተቹ እስካሁን 6 ነው፤ በረኛው ኳስ ሊሰጠው ሲል ዛሬም እጮሃለሁ።